በስምሽ የመጣው ወረቀት

ይድረስ ሻርጃ ለምትገኘው እህቴ ለወርቅነሽ ሀብተሚካኤል፤

እትዬ ወርቄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ዓርብ ስንደዋወል ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ወይስ አልቅሰሽ ነበር? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው? ዛሬም በባነኑ ቁጥር ይቀሰቅሱሻል ወይስ መድኃኒቱ ተስማማቸው? ምግብስ በወጉ ትበያለሽ? ይህን ሁሉ በስልክ እንዳልጠይቅሽ ያቺ አሥር ደቂቃ ለልጅሽ ለናፍቆት እንኳ አትበቃም። የእናትና የልጅ ወሬ መሀል ገብቼ ወገብሽን ብጠይቅሽ ልጅቷ ፊቷን ታጠቁርብኛለች።

እኛ እንደ ክረምቱ ነን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ቢሆንም ቆመን እንሄዳለን። አባባን ሳሉ ያዝ ለቀቅ ያደርጋቸዋል እንጂ ሌላው ጤናቸው ደህና ነው። ናፍቆት ቁመቷ እኔን ሊያልፈኝ አንድ ጣት ነው የቀራት። እኔም አልታመምኩም። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እዚያው ሻርጃ የምትሠራው ቢፍቱ ዕረፍቷን ጨርሳ ሰኞ ስለምትመለስ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልታዪያቸው የሚገቡ ወረቀቶችን በእጅሽ እንድታደርስልኝ ነው። ሁለተኛው፣ የምነግርሽ ነገር እመቤትሽ አጠገብሽ ቆማ እያለች የሚሰማ አይደለም። በአንድ ትንፋሽ አታንብቢው። ደክሞሽ ከሆነ ነገ አንብቢው፣ አይበላሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። በ2013 ኅዳር ላይ ስትሄጂ የስፌት መኪናሽንና በኢንተርኔት ገበያው ላይ የከፈትሽውን ሱቅ ለእኔ ተውሽልኝ። ንግድ ፈቃዱ በስምሽ፣ የግብር ከፋይነት ቁጥሩ በስምሽ፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በስምሽ። እኔ በስሜ ላዙረው ስልሽ፣ «ተይው፣ ስሙ ይቆይልኝ፤ ስመለስ ከዜሮ እንዳልጀምር» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ይኸው ወደ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ደንበኛ ይደውልና «ወርቅነሽ ነሽ?» ይለኛል፤ እኔም «አዎ፣ ነኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ምላሴን ይይዘኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት።

የሕፃን መታቀፊያውንና የአልጋ ልብሱን አንቺ እንዳስተማርሽኝ እየሰፋሁ ሸጥኩ። ሐምሌ በገባ ቁጥርም ግብርሽን ከፈልኩ። ደረጃ «ሐ» ስለሆንን ብዙ መዝገብ አይጠየቅብንም፤ የዓመቱ ሽያጫችን ይገመትና የትርፉ ግብርና የሽያጩ ታክስ፣ ያ ተርን ኦቨር የሚሉት፣ አንድ ላይ ተሰልቶ ቁርጡ ይነገረኛል። እከፍላለሁ፣ ደረሰኙን ለአባባ እሰጣለሁ፣ እሳቸውም ከባቡር ጣቢያ የጡረታ ወረቀታቸው ጋር በሳጥን ያስቀምጡታል። እስከዚህ ድረስ የማታውቂው ነገር የለም።

የማታውቂው እማማ አደሴን ነው። ማለቴ ሴትየዋንማ ታውቂያቸዋለሽ፤ ከእኛ በታች ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ ያለው የጭቃ ግቢ የሳቸው ነው፣ ባላቸው የሞቱ ጊዜ ድንኳኑን አባባ ናቸው የተከሉት። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ ወዲህ የካሣው ገንዘብ አልቆ በርበሬ እያዘጋጁ በየቤቱ ይሸጡ እንደነበርም ታስታውሻለሽ። በርበሬያቸውን ማን ይረሳዋል። ባለፈው መስከረም አካባቢ አንድ ቀን መጡና፣ «ያንቺ ስልክ ላይ ሰው ሳያይሽ ዕቃ ይገዛል አሉ፤ የኔን በርበሬ እዚያ ብታስገቢልኝ» አሉኝ። ለምን በራሳቸው ስም እንደማያወጡ ብጠይቃቸው፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል ያስፈልጋል፣ የሳቸው ግቢ ደግሞ ካርታ የለውም። «ከአያቴ ጀምሮ የኖርኩበት ነው ብላቸው ወረቀቱን አምጪ ይሉኛል» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ግን ስላሳዘኑኝ ብቻ አይደለም እሺ ያልኳቸው። ከያንዳንዱ ኪሎ ሃያ አምስት ብር ለእኔ ሊተዉልኝ ተስማማን። በርበሬያቸውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ከመታቀፊያችን ጎን አስገባሁት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመታቀፊያው በልጦ ተሸጠ። ሽሮም ጨመርን። ከቦሌ፣ ከሳሪስ፣ ከየት የት የማላውቀው ሰው ያዝዝ ጀመር። ሞተረኛው ጠዋት ጠዋት መጥቶ ጭኖ ይሄዳል።

እትዬ ወርቄ፣ ባለፈው ታኅሣሥ አሠሪዎችሽ ደመወዝሽን አራት ወር የያዙብሽ ጊዜ፣ «የናፍቆትን የትምህርት ቤት ክፍያ እንዴት አደረጋችሁት?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም «መታቀፊያው ደህና ተሸጦልን ከፈልን» አልኩሽ። ውሸቴን ነው። መታቀፊያው ያን ጊዜ ቆሞ ነበር፤ የጨርቁ ዋጋ ጣራ ነክቶ እኔም መስፋት ትቼ ነበር። የናፍቆትን ትምህርት ቤት የከፈለው የእማማ አደሴ በርበሬ ነው። ያን ጊዜ ያልነገርኩሽ እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው፤ ኋላ ያልነገርኩሽ ደግሞ እኔው ስለተሸማቀቅኩ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይላሉ አባባ። ሰኔ ላይ ከገበያው በስልክ መልእክት መጣ። የሻጮች የዓመት ሽያጭ ለግብር ሰብሳቢው እንደሚተላለፍ፣ ሁሉም ሻጭ የግብር ከፋይ ቁጥሩን እንዲያረጋግጥ ይላል። በቀን አሥር መልእክት ነው የሚልኩት፤ እንደ ሌላው መስሎኝ ቁጥርሽን አስገብቼ አለፍኩት። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን እንደ ወትሮዬ ልከፍል ወደ ግብር ቢሮው ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። «ወርቅነሽ ሀብተሚካኤል» ተብሎ ሲጠራ ተነሥቼ ገባሁ።

ያገኘችኝ ሠራተኛ ባንቺ ዕድሜ የምትሆን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መታወቂያ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ይህ እድላዊት ነው የሚለው» አለችኝ። እህቷ ነኝ አልኳት። ውክልና አለሽ ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ያለፉትን ዓመታት ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ ቁርጡን ከፍዬ ነበር የምመለሰው። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ አዞረችው። የዓመቱ ሽያጭ፣ አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አርባ ሺህ ብር ይላል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ነው የመሰለኝ። መለስኩላት። እሷም መልሳ ሰጠችኝ፤ ስምሽ ከላይ ተጽፏል።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሚሊዮን ብር በቤታችን አልፏል፣ እኔ ግን ጫማዬን ከቀየርኩ ሁለት ክረምት አለፈኝ። «ይህ ገንዘብ እኛ ጋ አልደረሰም» አልኳት። ገበያው ከየሽያጩ አሥር በመቶ እየቆረጠ፣ ሞተረኛው የራሱን እየወሰደ፣ በርበሬው በውድ እየተገዛ መሆኑን ነገርኳት። ቁጣ የላትም፣ ግን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው እንደተናገረችው ከድምፅዋ ያስታውቃል። «የሽያጭ ታክስ የሚያየው ገዥው የከፈለውን ነው። አንቺ ኪስ ውስጥ የቀረውን የሚያየው የትርፍ ግብር ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ» አለችኝ። በርበሬ በስድስት መቶ ብር ከተሸጠ፣ ገበያው ስልሳውን ቢወስድም ሽያጩ ስድስት መቶ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ተመልሶ የመጣ ዕቃ እንኳ መመለሱን በማስረጃ እስካላሳየሽ ድረስ እንደተሸጠ ይቆጠራል።

ደግሞ ሌላ ነገር አስረዳችኝ። አንድ ነጋዴ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ከሸጠ ከተርን ኦቨር ወጥቶ ለቫት መመዝገብ ግዴታው ነው። ተርን ኦቨር ከዕቃ ሽያጭ ላይ ሁለት በመቶ ነው፤ ቫት ግን አሥራ አምስት በመቶ ነው። «የቫት ብር የነጋዴው አይደለም፤ ከገዥው ተቀብሎ ለመንግሥት ማድረስ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ከማን ተቀብያለሁ? ሽያጩ ሚሊዮኑን ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ መቀበል ነበረብኝ፣ አልተቀበልኩም፤ ያልተቀበልኩትን ከራሴ እከፍላለሁ ማለት ነው። ከዚያም የደረሰኝ ማሽን መግዛት አለ፣ በየወሩ ማስታወቅ አለ፣ ያልሸጡበትንም ወር ምንም አልሸጥኩም ብሎ ማስታወቅ አለ። መታቀፊያችን ላይ አሥራ አምስት በመቶ ብንጨምር ደግሞ ከጎናችን ያለችው ሻጭ ያለ ቫት ትሸጣለችና ማን ይገዛናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በስምሽ ነው። አንቺ ሻርጃ አሮጊት እያስታመምሽ፣ እዚህ በየወሩ ቅጣት ይቆጠርብሻል።

በርበሬው የአንዲት ጎረቤታችን ሴት መሆኑን ነገርኳት። ስማቸውን ግን አልነገርኳትም። ጽሕፈቷን አቁማ ከገበያው የመጣውን ዝርዝር አየች። «ከነማስረጃው አምጪያት። የበርበሬው ሽያጭ ተለይቶ ወደ ባለቤቱ ከሄደ የእህትሽ አራት መቶ ሃያ ሺህ ነው የሚሆነው፤ ደረጃዋ ሳይነካ እዚያው ትቆያለች። ሴትየዋ ግን ያለ ፈቃድ ነግዳለችና ቅጣት አለባት» አለችኝ። የሐምሌ መጨረሻ ሳይደርስ መልስ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ልወጣ ስል፣ «እህትሽ ታውቃለች?» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ይዤ ወጣሁ።

ለአባባ የዚያኑ ዕለት ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይህ ምን ያስጨንቃል? የአደሴን ለአደሴ መስጠት ነው» አሉኝ። ለሳቸው ቀላል ነው። እኔ ግን ያን ሃያ አምስት ብር ዓመቱን ሙሉ የበላሁት ነኝ። ሰው ሲጠቅመኝ ከርሞ፣ ነገር ሲመጣ እጁን ይዤ «ይኸውና» ብዬ የምሰጠው እንዴት ነው? ለሁለት ሳምንት ከእማማ አደሴ ተደበቅኩ። ወደ ዳቦ ቤት ስሄድ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። በርበሬውን ሲያመጡ ናፍቆትን «የለችም በያቸው» እላታለሁ። ልጅሽን ውሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ይህንንም እወቂልኝ። በርበሬውንም ከገጹ ላይ አወረድኩት። ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተበላሽቷል አልኩ።

ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ወደ ቢሮው ልሄድ ለባበስኩ። ያሰብኩትን ልንገርሽ፤ ሁሉም የእኛ ነው ልል ነበር። መኪናውን ሸጬ፣ ቀስ እያልኩ ልከፍል። ያንቺን ስም ጭቃ ውስጥ ላስገባው እንደነበር ያን ጊዜ አልታየኝም፤ የታየኝ የሳቸው ፊት ብቻ ነው። ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። እማማ አደሴ ናቸው፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሷል፣ ከኋላቸው አባባ በከዘራ ቆመዋል። ለካ አባባ ለእኔ ምንም ሳይሉኝ በዚያ ጭቃ እቤታቸው ድረስ ወርደው ኖሯል። ምን እንዳሏቸው ኋላ ጠይቄያቸው፣ «ልጄ ስምሽን ለግብር ቢሮው መጥራት ፈርታ ተጨንቃለች አልኩ፣ ሌላ ምንም አላልኩ» ነው ያሉኝ።

ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ይቅርታ የሚሉ ወይም የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ተቆጥተው ነው የመጡት። «በርበሬዬን ስትሸጪ አልፈራሽኝ፣ ስሜን ለመጥራት ፈራሽኝ?» አሉኝ። እንዳይጎዱ ብዬ ነው አልኳቸው። «እኔን ማን ጠየቀኝ? መሬቴን ሲወስዱት የጠየቀኝ የለም። አንቺም ሳትጠይቂኝ ወሰንሽልኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና፣ «መሬቴ ከሄደ ጀምሮ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት የለኝም። የግብር ወረቀትም ቢሆን ወረቀት ነው። ሃ ተኡ፣ ይሁን፣ እከፍላለሁ። ግን ትነግሪኝ ነበር» አሉኝ። አባባ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። እኔ ያሰርኩትን ጫማ መልሼ ፈታሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ብቻ ነው። የወንድማቸው ልጅ ፊሮምሳ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት አለው፤ ከዚህ በፊት ሚስቱ ግብር እኛ ላይ ይመጣል ብላ እምቢ አሰኝታው ነበር። አሁን እማማ አደሴ ራሳቸው ሄደው ሚስቲቱን ምን እንዳሏት አላውቅም፣ በማግሥቱ የአንዷን ክፍል የኪራይ ውል ፈረሙላቸው። ውሉን ይዘን ከፊሮምሳ ጋር ሦስታችን ወደ ቢሮው ሄድን። ያቺው ሠራተኛ ናት ያገኘችን። እኔ ከስልኬ ላይ የበርበሬውንና የሽሮውን ትእዛዝ በሙሉ አሳትሜ ወስጄ ነበር፣ ለእማማ አደሴ ያስተላለፍኩላቸውንም ገንዘብ እንዲሁ። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ አመሳከረችው። ያለ ፈቃድ ለምን እንደነገዱ ስትጠይቃቸው፣ «ፈቃድ የሚሰጠው ቤት ላለው ነው፣ በርበሬ ግን ቤት አይጠይቅም» አሏት። ፈገግ አለች፣ ቅጣቱን ግን አልቀነሰችም፤ ደንቡ ያለውን ነው የጻፈችው።

እኔም ስለ ሃያ አምስቱ ብር ነገርኳት። ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ ግን እማማ አደሴ አጠገቤ ቆመው እየከፈሉ ዝም ማለት አቃተኝ። ብዕሯን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና፣ ያ የአገልግሎት ገቢ ነው አለችኝ። ከዕቃ ሽያጭ ሁለት በመቶ ቢሆንም፣ የሰው ዕቃ ሸጦ ድርሻ መውሰድ አገልግሎት ስለሆነ አሥር በመቶ ተርን ኦቨር ይከፈልበታል። እሱም በስምሽ ተጨመረ። ሦስት ሺህ ምናምን ብር ነው። አትደንግጪ፣ እሱን ከራሴ አስቀምጫለሁ።

እማማ አደሴ ሁለት በመቶውን የሽያጭ ታክስ፣ የትርፉን ግብርና ቅጣቱን ከሰው ተበድረው አልከፈሉም። ጊደራቸውን ሸጡ። ያቺን ቡሬ ጊደር፣ ናፍቆት ሣር እየወሰደች የምታበላትን። ከፊሉን ከፈሉ፣ የቀረውን በየወሩ ሊከፍሉ ፈረሙ። ከዚያ የግብር ከፋይነት ቁጥራቸው የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው በላስቲክ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ አስገቡት። ከበሩ ስንወጣ ዝናቡ አቁሞ ነበር። ታክሲ እንያዝ ብላቸው «በእግሬ እሄዳለሁ» ብለው ቀደሙኝ።

በርበሬያቸውን አሁን በራሳቸው ስም ነው የሚሸጡት፤ ፊሮምሳ ገጹን ከፈተላቸው፣ መዝገቡንም እሱ ይይዝላቸዋል። ከእኔ ጋር መሥራት አልፈለጉም። ሰድበውኝ አይደለም፤ መጥተው «ፎቶዎቹን ስጪኝ» አሉኝ፣ ሰጠኋቸው፣ አመሰገኑኝ፣ ሄዱ። የእኛ ገጽ ላይ የቀረው መታቀፊያና የአልጋ ልብስ ነው። ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ ሁለት የምሸጥበት ጊዜ አለ። መስከረም ሲመጣ የናፍቆት ክፍያ አለ። እንዴት እንደምናደርግ ገና አላውቅም፣ ግን ከእንግዲህ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልሽም።

አሁን ካንቺ የምፈልገውን ልንገርሽ። የበርበሬው ሽያጭ ቢለይም፣ የዓመቱን ግብር ዘግቶ ደረሰኝ ለማግኘት ባለስሟ ወይም ወኪሏ መፈረም አለባት። ሠራተኛዋ እስከ መስከረም መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ዱባይ ቆንስላ ሄደሽ በስሜ ውክልና እንድትሰጪኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት በሌላ ገጽ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። እመቤትሽን ግማሽ ቀን ማስፈቀድ ምን ያህል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ቢፍቱ መንገዱን ስለምታውቅ አብሬያት እሄዳለሁ ብላኛለች።

ሁለተኛውን ነገር ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁ። ንግድ ፈቃድሽን ልመልሰውና በራሴ ስም አዲስ ላውጣ። አንቺ «ስሙ ይቆይልኝ» ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ ይገባኛል። እዚያ ሌሊት ተነሥተሽ የሰው ሽንት ስትጠርጊ፣ አቃቂ በስሜ የቆመ ነገር አለኝ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። እሱን ስወስድብሽ መመለሻሽን የምወስድብሽ እንዳይመስልሽ እፈራለሁ። ግን እትዬ፣ በሰው ስም ስሠራ ያጠፋሁት ባንቺ ላይ ይመጣል፣ የለፋሁትም የእኔ መሆኑ አይታወቅም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቢሮ ውስጥ ያንቺ ስም ሲጠራ ተነሥቼ መቆም ደከመኝ። የምሳሳተውንም በስሜ ልሳሳት።

እምቢ ካልሽኝ አልቀየምሽም፤ እንደነበረው ይቀጥላል፣ እየተጠነቀቅኩ እይዘዋለሁ። እሺ ካልሽኝ ደግሞ ስትመጪ ግማሹ ያንቺ ነው፤ መኪናውም ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም። ውክልናው ላይ «ፈቃዱን ለመመለስ» የሚለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ከፈለግሽ ታስጽፊዋለሽ፣ ካልፈለግሽ ትተዪዋለሽ። በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ በስልክ ስትነግሪኝ እኔን ላለማሳዘን ስትዪ ያልፈለግሽውን ትያለሽ። ወረቀቱ ሲመጣ አነበዋለሁ።

አባባ ሰላም ይሉሻል። «ገንዘብ ልላክ ብላ ምግቧን እንዳታጎድል ንገሪያት፤ እኔ ከምበላው በላይ አልበላም» ይላሉ። ናፍቆት ፈተናውን አልፋ ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛውራለች፤ ራሷ ልትነግርሽ ፈልጋ ስለነበር እንዳልሰማሽ ሆነሽ ስሚያት። የጻፈችልሽን ገጽ ሳላነበው አሽጌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። አጎታችን ተክሌ ከነቤተሰቡ ደህና ነው፣ እግሩ ተሽሎት ሥራ ጀምሯል፣ ሰላም በያት ብሏል። የአጥሩን ጎረቤት እትዬ ብዙወርቅን ሳላነሣ ብቀር ይቀየሙኛል፤ እሳቸውም ሰላም ይሉሻል፣ ለልጃቸው የምትልኪላቸውን የደም ግፊት መለኪያ እንዳትረሺ አደራ ብለዋል።

እማማ አደሴም ደብዳቤ እንደምልክልሽ ሰምተው ትናንት በናፍቆት በኩል አንድ ኪሎ በርበሬ ላኩልሽ፤ ቢፍቱ ትይዝልሻለች። «ለወርቅነሽ ሰላም በሉልኝ» ብለዋል። ለእኔ ገና ምንም አላሉኝም።

እህትሽ እድላዊት ሀብተሚካኤል
አቃቂ በሰቃ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.